ድንኳን ያልተጣለለት ለቅሶ፦ ከጎጂ ፍቅር ወይም ትዳር የወጣ ሰው ለምን ይናፍቃል?

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የተመለስኩት በኅዳር ነው። አውቶቡሱ ደብረ ሲናን ለቆ ሽቅብ ሲጠማዘዝ የቆላው ሙቀት በየኩርባው እየቀነሰ ሄደ፤ ጣርማ በር ዋሻ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሰባት ዓመት ከኖርኩበት ቤት የወጣሁት ሁለት ሻንጣ ይዤ ነው። ማንም አላባረረኝም። መውጣት እንዳለብኝም ከዓመት በፊት አውቄዋለሁ። የውጭው በር ሲንኳኳ ሆዴ የሚላወስበት፣ ዛሬ በየትኛው ፊቱ ይገባ ይሆን እያልኩ ኮቴ የማዳምጥበት ኑሮ አበቃ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ናፈቀኝ። እህል የማያስቀምስ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ናፍቆት ነበር።

በደረሰብኝ ነገር አላፈርኩም፤ ያፈርኩት ስለ ናፈቀኝ ነው። ለማን ይነገራል? "ያን ሁሉ አድርሶብሽ?" ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ።

አክስቴ ከመሐል ሜዳ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። የመንዝ ባና ጠቅልላ፣ ንፍሮ በፌስታል ቋጥራ ገባች። ንፍሮውን ሳይ ደነገጥኩ፤ እኛ ቤት ንፍሮ የሚቀቀለው ለለቅሶ ነው። "እትዬ፣ ማን ሞተ?" አልኳት። "ትዳርሽ ነዋ" አለችኝ። "ለሞተ ሰው ድንኳን እንጥላለን፣ እድርተኛ ይቀመጣል፣ ዘመድ ያድራል። ላንቺ ማን ይቀመጥልሽ?" ብላ ሦስት ቀን አብራኝ ሰነበተች። ምክር አልሰጠችኝም። ሳለቅስ "አይዞሽ" ትላለች፤ ስተኛ ባናውን ትደርብልኛለች።

ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ ያገኘሁትን አንብቤአለሁ፤ ባለሙያም ጠይቄአለሁ። በዚያ ሳምንት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው እዚህ የምጽፈው። ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ልናገር፦ ናፍቆት ማስረጃ አይደለም። የናፈቀን ሰው ለእኛ ደግ ነበር ማለት አይደለም፤ መውጣታችን ስሕተት ነበር ማለትም አይደለም። ናፍቆት የራሱ አሠራር አለው፤ አሠራሩን ያወቀ ሰው አይፈራውም፣ አይታዘዘውምም።

ጠብ ሌላ፣ ይሄ ሌላ

"ቶክሲክ" የሚለው ቃል አሁን በየአፉ ነው። ስልክ ያላነሳም ቶክሲክ ይባላል፣ የልደት ቀን የረሳም እንዲሁ። ቃሉ እንዲህ ሲረክስ የሚጎዳው በእውነት መርዝ ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ የእሱም ነገር እንደ ተራ ጭቅጭቅ ይታያል።

እኔ የምለይበት መንገድ ይህ ነው። ጠብ ርእስ አለው። ስለ ገንዘብ፣ ስለ አማት፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ ይጣላሉ፤ ርእሱ ሲፈታ ጠቡም ይበርዳል። ጎጂ ግንኙነት ግን ርእስ የለውም። ዛሬ ወጡ ጨው በዛበት ተብሎ ቤቱ ይታመሳል፤ ነገ ጨው ሲቀነስ አልጫ ሆነ ተብሎ ይታመሳል። ጉዳዩ ወጡ አይደለም፤ ማን የማን ጌታ ነው የሚለው ነው። ኤቫን ስታርክ የተባሉት ምሁር በዚህ ላይ ብዙ ሠርተዋል፤ የሚሉትም ዱላውን ብቻ ከቆጠርን ዋናውን ነገር እንስታለን ነው። ዋናው የዕለት ተዕለቱ ቁጥጥር ነው፦ ገንዘብሽን መቁጠር፣ ስልክሽን መፈተሽ፣ ከእናትሽ ቤት ቀስ በቀስ ማራቅ፣ የምትለብሽውን መወሰን። ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላም አለ፦ ትናንት በጆሮሽ የሰማሽውን "አላልኩም፤ አንቺ ነሽ የምትቃዢው" እያሉ በራስሽ ዓይንና ጆሮ ላይ እምነት ማሳጣት። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ዝም ቢልም እንኳ ራስሽን ራስሽ ትጠረጥሪያለሽ።

አባቶቻችን ይህን ሰው አላጡትም። "የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ" ብለውታል። ጎረቤት የሚያውቀው አልጋውን ነው፤ እሾሁን የሚያውቀው ቤቱ የገባ ነው። ስለዚህ ነው ከቤቱ የወጣ ሰው ታሪኩን ሲናገር የማይታመነው፣ ቆይቶም ራሱን ማመን የሚያቅተው።

ነገሩ የጥቂት ቤቶች ገመና አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 በመቶ የሚሆኑት ከባለቤታቸው አካላዊ፣ ጾታዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከሦስት አንዷ ማለት ነው። ይህ ተናገሩ የተባለው ነው፤ ሆድ ይፍጀው ያሉት በቁጥሩ ውስጥ የሉም። ወንዶችም ይጎዳሉ። ወንድ ሲሆን ደግሞ "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለው ይጨመርበትና ኀዘኑ መውጫ ያጣል። እዚህ ከተማችን ብዙው ኀዘኑን የሚወስደው አረቄ ቤት ነው፤ እዚያም ማንም ምን ሆንክ አይለውም።

የበልግ ደመና

አሁን ወደ ናፍቆቱ። ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ እኔን ያሳረፈኝ እሱ ስለሆነ።

መንዝን የሚያውቅ ሰው በልግን ያውቃል። በዚያ ደጋ ብዙ ገበሬ ገብሱን የሚዘራው በበልግ ዝናብ ተማምኖ ነው፤ በልግ ደግሞ አይታመንም። አንድ ዓመት ጥሩ ይዘንባል፣ ማሳው ይለመልማል። በቀጣዩ ዓመት ይቀራል። በሦስተኛው ዘግይቶ ይመጣና ቡቃያውን ውርጭ ይቀድመዋል። በልግ ፈጽሞ የማይመጣ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጠብቀውም ነበር፤ ገበሬው ዘሩን ለክረምት ያስቀምጥ ነበር። በየዓመቱ ሳይዛነፍ የሚመጣ ቢሆንም ቀርቶ ሲገኝ ሰው ወዲያው ያውቅ ነበር። አንዳንዴ የሚመጣ፣ አንዳንዴ የሚቀር መሆኑ ነው በየካቲት ዓይንን ሰማይ ላይ የሚሰቅለው። ያቺ ትንሽ ደመና ሁሉ ተስፋ ትሆናለች።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን በላቦራቶሪ አይተውታል። ቢ. ኤፍ. ስኪነርና ባልደረባቸው ቻርልስ ፌርስተር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በርግቦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቁልፍ በነካች ቁጥር እህል የምታገኝ ርግብ እህሉ ሲቆም ቶሎ ትተዋለች። አንዳንዴ እያገኘች አንዳንዴ የምታጣዋ ግን እህሉ ጨርሶ ከቆመ በኋላም ቁልፉን ለረጅም ጊዜ ትነካለች። ማጣትን ከማግኘት ጋር ቀላቅላ ስለለመደች፣ ዛሬ ማጣቷ ነገ እንደማታገኝ አይነግራትም።

ጎጂ ግንኙነት በብዛት እንዲህ ነው የሚሠራው። ሁልጊዜ ክፉ ቢሆን ማን ይቆያል? ከስድቡ ሳምንት በኋላ የይቅርታ ሳምንት ይመጣል። እጅ ይሳማል፣ ሻሽ ይገዛል፣ ለእናት ስኳርና ቡና ይላካል፤ "ያለ አንቺ እኔ ማን ነኝ" ይባላል። ያ ሳምንት ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰውየው በዚያች ሰዓት ከልቡ ሊሆን ይችላል። ግን የሚያስረው እሱ ነው። ከውርጭ ሌሊት በኋላ የወጣች የጥዋት ፀሐይ ከሁሉ በላይ ትሞቃለች፤ የሞቀችው ፀሐይዋ ስለበረታች ሳይሆን ሌሊቱ ስለከፋ ነው።

ዶናልድ ዳተንና ሱዛን ፔይንተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ጥናት አለ። ከሚበድሏቸው የትዳር አጋሮች በቅርቡ የተለዩ 75 ሴቶችን አነጋግረው፣ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ጠየቋቸው። ትስስሩ የበረታው ሁለት ነገር ባለበት ነበር፦ አንዱ ወገን ከሌላው በጣም የበላይ ሲሆንና ደግነቱና ክፋቱ ሲፈራረቅ። ከስድስት ወር በኋላ ትስስሩ ቀንሷል፤ የቀነሰው ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ለምን አልወጣልኝም ብዬ ራሴን ስገርፍ ነበር እኮ!

ሌላም አለ። ሔለን ፊሸር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ፣ ፍቅረኞቻቸው የተዉአቸውና ገና ያልወጣላቸው 15 ሰዎች የዚያን ሰው ፎቶ እያዩ አንጎላቸው በማሽን ታየ። የተቀሰቀሱት ቦታዎች ከሱስ አምሮት ጋር የተያያዙት ናቸው። ስለዚህ "ናፈቀኝ" ስንል ከሰውነታችን የሚመጣው ነገር ሲጋራ ያቆመ ሰው አምሮት ዘመድ ነው። አምሮት ይመጣል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሲጋራ ያማረው ሰው ሲጋራ ይጠቅመኛል ብሎ አይደመድምም።

ትዝታም የራሱን ያደርጋል። የመጥፎ ትዝታ ስሜት ከጥሩ ትዝታ ስሜት ይልቅ ቶሎ እንደሚደበዝዝ በብዙ ጥናት ታይቷል። ለሰው ልጅ ይህ ጸጋ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ማን ሁለተኛ ይወልድ ነበር? ከጎጂ ግንኙነት ለወጣ ሰው ግን ወጥመድ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የስድቡ ሕመም ሲደበዝዝ አብረው የበሉት የፋሲካ ዶሮ ወጥ ግን እንደ ትናንት ይሸታል። እኔ በዚያን ጊዜ የረዳኝ አንድ ወረቀት ነው። ገና ስወጣ፣ ሁሉም ትኩስ ሳለ፣ የሆነውን ነገር ያለ ምንም ማጋነን በቀን በቀኑ ጻፍኩት። "በጥምቀት ማግስት እንዲህ አለኝ። እኔ እንዲህ አልኩ። በሩን ቆለፈ።" ናፍቆት ሲበረታ እሱን አነባለሁ። ቂም ለመያዝ አይደለም፤ ትዝታዬ ብቻውን ምስክር እንዳይሆን ነው።

ሰማንያ

ኢትዮጵያዊ ኀዘንን ያውቅበታል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ለሐዘንተኛው ይበሰልለታል፣ ብቻውን አይተውም። ቀኑም ይቆጠራል፦ ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ማንም ቀኑን ሲቆጥር ሐዘንተኛውን "ገና አልጨረስክም?" አይለውም፤ ቀኑ ራሱ ገና ነው ይላል። በአርባው ትንሽ ይቀላል፣ በሰማንያው ሌላ ትንሽ፣ በዓመቱ ጥቁሩ ይወልቃል።

ለግንኙነት መሞት ይህ ሁሉ የለም። ሟቹ በሕይወት አለ፤ እንዲያውም ፌስቡክ ላይ እየሳቀ ፎቶ ይለጥፋል። ፓውሊን ቦስ የተባሉ ምሁር እንዲህ ያለውን ድንበሩ ያልለየ ማጣት ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል፤ ሰውየው የለም እንዳይባል አለ፣ አለ እንዳይባል የለም፤ ለዚህም ነው ኀዘኑ የሚንጠለጠለው። ኬኔት ዶካ ደግሞ ማኅበረሰቡ የማይፈቅደው፣ "ለዚህማ አይለቀስም" የሚባልለት ኀዘን የበለጠ እንደሚከብድ ጽፈዋል። ከጎጂ ትዳር ለወጣ ሰው ሁለቱም ይደረቡበታል። "እንኳን ገላገለሽ" ሲሉት የሚያጽናኑት ይመስላቸዋል፤ አፉን ይዘጉታል።

የሚለቀስለት ደግሞ ሰውየው ብቻ አይደለም። ሊሆን ይችል ለነበረው ይለቀሳል። ለሰባት ዓመት ይለቀሳል። የሠርጉን ቀን በዘፈን ለተቀበለች እናት ይለቀሳል። ከሁሉ በላይ ለቀድሞ ራስ፣ ከዚያ ቤት ከመግባቷ በፊት ለነበረችው ልጅ ይለቀሳል። ይህ የሚገባ ኀዘን እንጂ ድክመት አይደለም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በቋንቋችን "ሰማንያ" የጋብቻ ውል ነው፤ በሰማንያ ተጋቡ እንላለን። "ሰማንያ" ደግሞ ከሞት በኋላ የሚቆጠር የመታሰቢያ ቀን ነው። አክስቴ ከኔ ዘንድ ስትነሳ "አርባሽንና ሰማንያሽን እደውልልሻለሁ" አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ያዘዘችው ሥርዓት አይደለም፣ የአክስቴ ፈጠራ ነው። እኔ ግን ከሰማሁት ሁሉ ጠቃሚው ነው እላለሁ። ኀዘኑ ቀን ተሰጠው። ከዚያ በፊት "ለምን አልወጣልኝም" እያልኩ ራሴን እከስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ "አርባዬ ገና ነው" አልኩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላርም። ኀዘን አምስት ደረጃ አለው፣ ከመካድ ተነስቶ በመቀበል ያልቃል የሚል ነገር በሰፊው ይወራል። ኤልዛቤት ኩብለር-ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን የጻፉት በሞት አፋፍ ስላሉ ሕሙማን ነው። ከትዳር የወጣ ሰው ደረጃ እየቆጠረ አይወጣም። ማክሰኞ ወጣልኝ ይላል፣ ሐሙስ ገበያ ላይ የሽቶውን ጠረን ሸትቶት ከመነሻው ይቀመጣል። ወደ ኋላ መመለስ አይደለም፤ ኀዘን እንዲህ ነው።

ሽማግሌ፣ ቡናና "የመጨረሻ ንግግር"

ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው፤ አያቴ ሽማግሌ ነበሩ፣ ስንት ቤት አስታርቀዋል። ሽምግልና ድንቅ ነገር ነው፤ ለጠብ ግን ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚነሳው ሁለቱም አጥፍተዋል ከሚል ነው። "አንተም ተው፣ አንቺም ተይ" ይባላል፤ ጥፋቱ ይካፈላል፤ ይቅር ተባባሉ ተብሎ ይመረቃል። ለሁለት እኩል ተጣዪዎች ይህ ፈውስ ነው። አንዱ ገዢ፣ ሌላው ተገዢ ለሆነበት ቤት ግን እኩል መካፈል ማለት ተበዳዩ የበደሉን ግማሽ እንዲሸከም ማድረግ ነው። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ የነበረው ያለ ነገር አይደለም፤ ሸክሙ የማን እንደሆነ በዓይን ይታያል።

ይቅርታና እርቅም አንድ አይደሉም። ልብን ከቂም ማንጻት የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ከሩቅም ይቻላል። ወደዚያው ቤት መመለስ ደግሞ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ የበደለውን መለወጥ ይጠይቃል። የንስሐ አባት ያለው ሰው ይህን ልዩነት ጠይቆ ይረዳ።

"በእኛ ዘመን ፍቺ የሚባል አልነበረም" የሚሉም አሉ። ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንዳበቁ፣ ከተፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው ገና በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት እንደተለዩ አሳይቷል። ይህን የምለው ፍቺን ለማወደስ አይደለም፤ የወጣ ሰው የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ እየተነገረው እንዳይሸማቀቅ ነው።

"ለምን እንዲህ እንዳደረገኝ አንዴ ብቻ ጠይቄው ልረፍ" የሚለው ምኞት ደግሞ ብዙዎችን መልሶ ያስገባ በር ነው። እኔም አስቤው ነበር። መልስ ብናገኝ የሚወጣልን ይመስለናል። ግን ለሰባት ዓመት "አላልኩም" ሲል የኖረ ሰው በስምንተኛው ዓመት በአንድ ሻይ ላይ እውነቱን አይናገርም። ይልቅ የይቅርታው ሳምንት እንደገና ይጀምራል፤ የበልጉ ደመና ትመጣለች። ቁርጡን ከእሱ አፍ መጠበቅ ቁልፉን ለእሱ ትቶ መውጣት ነው።

ስለ ቡና ልናገር። የሰፈር ቡና ባይኖር ያን ጊዜ አልወጣውም ነበር። ሆኖም ሦስቱንም ስኒ፣ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም፣ በዚያው ታሪክ የምንጠጣበት ጊዜ ነበር፤ ስነሳ ከመቀመጤ በፊት ከነበረው ይልቅ ደክሜ እነሳ ነበር። ዴቪድ ስባራና ባልደረቦቻቸው በቅርቡ ከትዳር በተለዩ 90 ሰዎች ላይ ባደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት፣ አንድን ነገር እያመነዠኩ ትርጉም የሚፈልጉ ሰዎች ስለ ስሜታቸው በጥልቀት እንዲጽፉ ሲደረግ፣ ስለ ዕለት ውሏቸው ብቻ ከጻፉት ይልቅ ቀስ ብለው ነው ያገገሙት። ስለዚህ መናገር ሁሉ አይፈውስም። የሆነውን አንዴ በደንብ ለሚያምኑት ሰው መናገር አንድ ነገር ነው፤ "ለምን? ለምን?" እያሉ ቁስል መነካካት ሌላ ነው። ለቡና ጓደኞቼ "አቦሉ የእሱ፣ ቶናው የልጆቻችሁ፣ በረካው የዝናቡ ይሁን" አልኳቸው። ረድቶኛል።

ደኅንነት፣ ሕግና ሕክምና

ይህን ክፍል በችኮላ አትለፉት። የሚመታ፣ የሚዝት ወይም ተከትሎ የሚመጣ ሰው ካለ ከሁሉ አደገኛው ወቅት መውጫውና የወጡበት ሰሞን ነው፤ ቁጥጥሩ ከእጁ ሲያመልጥ ክፋቱ ይብሳል። በዚህ ጊዜ ብቻን ሆኖ ለመነጋገር መገናኘት የለም፤ የት እንደሚያድሩ ለሁሉ መናገር የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል ብሎታል። ስለዚህ "የቤት ጉዳይ ነው፣ ሂዱና ተስማሙ" ብሎ የሚመልስ ሰው ቢያጋጥም ወደ ሌላው በር መሄድ ያስፈልጋል፤ በየወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚመለከት ጽሕፈት ቤት አለ። መታከም ካስፈለገ ወዲያው ታክሞ ወረቀቱን መያዝ ነው።

በሕግ የተጋባ ሰው ፍቺው የሚጸናው በፍርድ ቤት ነው። በክልላችን በ1995 ዓ.ም. የወጣ የቤተሰብ ሕግ አለ፤ በመርህ ደረጃ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፣ በእኩል ይካፈላል። ብዙዎች በድካም ብዛት "ሁሉንም ይውሰደው፣ እኔ ነፍሴን ላትርፍ" ብለው ይወጣሉ። ይገባኛል። ግን ቤቱን ለቆ መውጣት ድርሻን መተው አይደለም፤ ጊዜ ሲገኝ የሕግ ባለሙያ ይጠየቅ።

ልጅ ያለው ሰው "ብሎክ አድርጊው" ሲባል አይሆንለትም። ንግግሩን ስለ ልጁ ብቻ ማድረግ ይቻላል፦ ትምህርት፣ ጤና፣ መምጫና መሄጃ ሰዓት። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል፤ ልጁን የሚያቀብል ሦስተኛ ዘመድ ካለ የበለጠ ይሻላል። ልጁን መልእክተኛ ማድረግ ግን ጠቡን እሱ ላይ መጫን ነው።

ናፍቆትና ኀዘን የተለመደ ቢሆንም ከአቅም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተ፣ የተደረገው ነገር ሁሉ በዓይነ ሕሊና እየመጣ ካስደነገጠ፣ ወይም መኖር ምን ያደርጋል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም ሄዶ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያ ላኩኝ ማለት ይገባል። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ይነገር፣ ብቻን አይታደር። ጸበል የሚሄድም ሰው ይሂድ፤ ሸንኮራ ዮሐንስ የሄደች ጎረቤቴ እረፍት አግኝታ ተመልሳለች። መድኃኒት የጀመረ ግን ለጸበል ብሎ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

የአክስቴ ስልክ

በአርባኛው ቀን ደወለች። ያን ቀን ክፉኛ ነበርኩ፤ ስሙን ስልኬ ላይ አይቼ ሳላነሳ የቀረሁት በዚያ ጠዋት ነው። "ንፍሮ ቀቀልሽ?" አለችኝ። አልቀቀልኩም። "በይ ቀቅዪ" አለች። ቀቀልኩ፤ ለተከራይዋም ሰጠኋት፤ ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ሰማንያው የዋለው ከየካቲት መግቢያ ላይ ነው። ስትደውል መጀመሪያ ያወራነው ስለ በልጉ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ደመናው ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ሄዶ ነበር፤ ማሳውን አርሳ ጨርሳለች፣ ዘሩን ገና አላወጣችም። በቶሎ እንደማታወጣም ነገረችኝ።

"ዛሬስ ናፈቀሽ?" አለችኝ።

"ጠዋት ላይ" አልኳት።

"አሁንስ?"

"አሁን ሽሮ ጥጄ ነው፣ እትዬ፤ እንዳይገነፍልብኝ።"

"በይ እንግዲያ ወጥሽን ያዢ" ብላ ዘጋችው።